የአጨዋወት ሥርዐት የማን ነው?

ኒንቴንዶና የፖክሞን ኩባንያ የተባሉት ሁለቱ የጃፓን ማኅበሮች ፖኬትፔር በሚባል በአንድ ታናሽ ኩባንያ ላይ በሴፕቴምበር 18 ቀን 2024 በቶኪዮ ፍርድ ቤት ክስ አቀረቡ። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገሩን ነገር የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓውያን ዘመን ነው።) የክሱ ምክንያት ፖኬትፔር በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር ለገበያ ያወጣው ፓልወርልድ የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ነው። ጨዋታው በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ 25 ሚሊዮን ተጫዋቾች እንዳገኘ ኩባንያው ራሱ አስታውቆ ነበርና ወሬው ከማንም የተሰወረ አልነበረም። ጨዋታውን ካዩት ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያ የተናገሩት እንስሳቱ ፖክሞንን ይመስላሉ ብለው ነው። ከሳሾቹ ግን የእንስሳቱን መልክ አንሥተው አልከሰሱም። የከሰሱት ተጫዋቹ ዕቃ ወርውሮ አውሬውን ስለሚይዝበት፥ የያዘውንም አውጥቶ ስለሚያዋጋበት፥ ከአንዱ መጓጓዣም ወደ ሌላው ስለሚተላለፍበት አኳኋን ነው። ባጭሩ ለመናገር፥ ለፍርድ የቀረበው የጨዋታው መልክ ሳይሆን አጨዋወቱ ነው።

ነገሩ የልጆች መጫወቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ዳሩ ግን የቪዲዮ ጨዋታ ዛሬ በዓለም ላይ ከታላላቆቹ ንግዶች አንዱ ሆኗል፤ ክርክሩም የሚነካው ከጨዋታ የሰፋ ጥያቄ ነው። ሰው የሠራውን ሥራ የኔ ነው ማለት የሚችለው እስከ ምን ድረስ ነው? ከየት ጀምሮስ የሁሉ ሀብት ይሆናል? ሕግ አርቅቀው ለሚያቀርቡ ሹማምንትና መብት መዝግቦ ለሚሰጥ መሥሪያ ቤት ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም፤ በእኛም አገር ጨዋታ እየሠሩ ለሕዝብ የሚያቀርቡ ወጣቶች አሉና።

ለአንድ ሥራ ሕግ የሚሰጠው ጥበቃ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው የቅጂ መብት ነው፤ ይህም የጸሓፊውን ቃል፥ የሠዓሊውን ሥዕል፥ የዜመኛውን ዜማ ሌላ ሰው ገልብጦ እንዳይሸጠው ይከለክላል። ሠሪው ከሞተም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ይኖራል። ሁለተኛው ፓተንት ነው፤ ይህንም አዲስ ዘዴ ወይም አዲስ መሣሪያ ላወጣ ሰው መንግሥት መርምሮ ይሰጠዋል። ዘመኑ በአብዛኛው አገር 20 ዓመት ሲሆን፥ በዚያ ዘመን ውስጥ ሌላው ሰው ዘዴውን ከማንም ሳይሰማ ከገዛ አእምሮው ቢያገኘው እንኳ ያለ ፈቃድ ሊሠራበት አይችልም። ስለዚህ ፓተንት ዘመኑ ቢያጥርም ኀይሉ እጅግ የበረታ ነው።

ከሳሾቹ ሁለተኛውን መንገድ ለምን እንደ መረጡ ለመረዳት የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሄዱበትን ጐዳና ማየት ያስፈልጋል፤ በዚህ ጕዳይ ከተሰጡት የታወቁ ፍርዶች የሚበዙት የዚያ አገር ናቸውና።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨዋታ ሳይሆን ከሒሳብ መዝገብ ነው። ቻርልስ ሰልደን የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ አያያዝ አዲስ ዘዴ አውጥቶ በ1859 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመ፤ በመጽሐፉም ውስጥ ባዶ የሒሳብ ቅጾች ነበሩ። ቤከር የተባለ ሌላ ሰው የዓምዶቹን አቀማመጥ ለወጥ አድርጎ በዚያው ዘዴ የሚሠራ መዝገብ ማውጣት ጀመረ። ሰልደን ከሞተ በኋላ ባለቤቱ ከሰሱ፤ ነገሩም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1879 የችሎት ዘመን ታየ። ዳኞቹ መጽሐፉ የጸሓፊው ነው፥ በመጽሐፉ የተገለጠው ዘዴ ግን የሁሉ ነው ብለው ፈረዱ። ዘዴውን ለብቻው ሊይዝ የሚወድ ሰው ፓተንት ይጠይቅ የሚልም ሐሳብ ጨመሩበት። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ነገር ልብ ያድርግልን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ የጨዋታ ኩባንያዎች በዚያው ፍርድ ሥር ወደቁ። ዳታ ኢስት የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ1984 «ካራቴ ቻምፕ» የተባለ ጨዋታ አወጣ፤ ኢፒክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ሌላ የካራቴ ጨዋታ ሸጠ። በሁለቱም አንዱ ነጭ አንዱ ቀይ የለበሱ ተጋጣሚዎች ይታያሉ፥ በሁለቱም ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ ይቆማል። የታችኛው ፍርድ ቤት ኢፒክስ ጥፋተኛ ነው አለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ1988 ፍርዱን ገለበጠው። መመሳሰሉ የመጣው ከካራቴ ከራሱ ነው፤ ካራቴን የሚያሳይ ጨዋታ ሁሉ ርግጫና ቡጢ፥ ዳኛና ነጥብ ሊኖረው ግድ ነው ሲል አስረዳ። የገዢዎቹ አማካይ ዕድሜ 17 ዓመት ተኩል መሆኑንም ጠቅሶ፥ እንዲህ ያሉ ወጣቶች አንዱን ጨዋታ ከሌላው ለይተው የሚያውቁ አስተዋዮች ናቸው አለ። የጐረምሶች ማስተዋል በፍርድ ቤት ሲመሰከርለት ዘወትር አይሰማም።

የዳታ ኢስት ነገር በዚህ አላበቃም። ከ6 ዓመት በኋላ፥ በ1994፥ ይኸው ተሸናፊ ከሳሽ በተራው ተከሳሽ ሆነ። ካፕኮም የተባለው ኩባንያ በ1991 ያወጣው «ስትሪት ፋይተር 2» እጅግ ገንኖ ነበርና፥ ዳታ ኢስት በ1993 ያወጣውን «ፋይተርስ ሂስትሪ» የኔን ጨዋታ ገልብጦ የሠራው ነው ሲል ከሰሰው። ዳኛው መመሳሰል መኖሩን አልካደም። ነገር ግን አብዛኛው ጥቃትና መከላከል በዓለም ከታወቀው ከትግልና ከቡጢ ጥበብ የመጣ ስለ ሆነ የማንም የግል ገንዘብ አይደለም ብሎ ሽያጩ እንዲታገድ የቀረበለትን ጥያቄ ሳይቀበል ቀረ። ዳታ ኢስት በ1988 የተሸነፈበት ፍርድ በ1994 መሸሸጊያው ሆነለት። ከሳሽ ሆኖ ያማረረውን ሕግ ተከሳሽ ሲሆን ያመሰገነ ነጋዴ እርሱ የመጀመሪያው አልነበረም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች የሰውን ጨዋታ መገልበጥ እንደ ተፈቀደ ቈጠሩት፤ ሳይፈቀድ። ፓክማን የሚባለው፥ ቢጫ ክብ ነገር በጠባብ መንገድ እየሮጠ ነጥብ የሚውጥበትና አራት መናፍስት የሚያሳድዱት ጨዋታ፥ በ1980 በጃፓን ተሠርቶ በዓለም ሲሰራጭ፥ ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ «ኬ.ሲ. መንችኪን» ብሎ ሌላ በላተኛ አወጣ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1982 ሲፈርድ፥ በተጠማዘዘ መንገድ እየተሳደዱ ነጥብ መሰብሰብ የማንም አይደለም፤ የበላተኛው ቅርጽ፥ የአሳዳጆቹም መልክና ጠባይ ግን የባለቤቱ ነው ብሎ ፊሊፕስን አገደው።

የቴትሪስ ነገር ከዚህም ይልቅ ያስተምራል። ቴትሪስን በ1984 በሞስኮ የሠራው አሌክሴይ ፓጂትኖቭ ነው። አራት አራት ካሬ የተገጠመባቸው ቅርጾች ከላይ ይወርዳሉ፥ ተጫዋቹም እያዞረ ያስቀምጣቸዋል፥ አንድ ረድፍ ሲሞላ ይጠፋል። ዚዮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ሕጉን አስቀድሞ አስጠንቶ፥ የአጨዋወት ሥርዐት ባለቤት የለውም በማለት «ሚኖ» የተባለ ጨዋታ አወጣ፤ ከቴትሪስ መውሰዱንም በፍርድ ቤት አልሸሸገም። የኒው ጀርሲዋ ዳኛ በ2012 ፈረዱበት። ሥርዐቱን መውሰድ ይቻል ነበር፤ ዚዮ ግን የቅርጾቹን መልክና አቀላለም፥ የሜዳውን ልክ ጭምር፥ ወርዱ 10 ካሬ ቁመቱ 20 ካሬ የሆነውን፥ እንዳለ ወሰደ። ሌላ ቅርጽና ሌላ ሜዳ መርጦ በዚያው ሥርዐት ለመሥራት የሚከለክለው አልነበረም።

ይህን ልዩነት ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ያለ ጠበቃ ያውቀዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፥ መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ የየአንዳንዱም የዜማ ልክ የታወቀ ነው። ልኩን የኔ ነው የሚል ተማሪ የለም፤ ልኩን ያልጠበቀም ቅኔው አይቈጠርለትም። በዚያ በሁሉ ልክ ውስጥ ቃሉን፥ ሰሙንና ወርቁን የሚያመጣው ግን ባለቅኔው ራሱ ስለ ሆነ፥ የባልንጀራውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የተናገረ ተማሪ በጉባኤው ፊት ያፍራል። የመወድስ ልክ ለአንድ መምህር በማኅተም ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ፥ የጎንጁም የዋድላም ቅኔ ቤት ከእርሱ ፈቃድ እየለመነ ሊቀኝ ነበር። ገበጣም እንዲሁ ነው፤ የጕድጓዱ ቍጥርና የጠጠሩ አያያዝ ከአገር አገር ይለያያል እንጂ ሥርዐቱን ተከራይቶ የተጫወተ እረኛ አልተሰማም።

እንግዲህ በቅጂ መብት በር የገባ ከሳሽ ሥርዐቱን ለብቻው ይዞ ሊወጣ አልቻለም። የቀረው በር የሰልደን ዳኞች ያመለከቱት፥ ፓተንት ነው።

ይህም በር ቢሆን ለጨዋታ ሲከፈት የዛሬው የመጀመሪያው አይደለም። ራልፍ ቤር የሚባለው መሐንዲስ በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ እንደ ኳስ የምትሮጥ ነጥብ የሚመታበትን መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ማግናቮክስ የተባለው ኩባንያም በ1972 ኦዲሴይ ብሎ ሸጠው። ሌሎች ኩባንያዎች ተከትለው ሲሠሩ ከሰሳቸው፤ አታሪ በ1976 ከፍርድ በፊት ታርቆ ፈቃድ ገዛ፥ በ1977ም የቺካጎ ፍርድ ቤት ለማግናቮክስ ፈረደ። ይህን አንነቅፍም። ከቤር በፊት የቤት ቴሌቪዥን የሚታይ እንጂ የሚታዘዝ ዕቃ አልነበረም፤ እርሱ ያልነበረ መሣሪያ አምጥቷል።

ከዚያ ወዲህ ከተሰጡት ፓተንቶች አንዳንዶቹ ግን ከመሣሪያ ይልቅ ወደ ሥርዐት ያዘነበሉ ናቸው። ናምኮ የተባለው ኩባንያ በ1995 ያመለከተበት ፓተንት፥ ዋናው ጨዋታ እስኪጫን ድረስ ተጫዋቹ በሌላ ትንሽ ጨዋታ ጊዜውን እንዲያሳልፍ የሚያደርገውን አሠራር የሚይዝ ነበር፤ እስከ 2015 ጸንቶ ቈየ። የዋርነር ብራዘርስ ኩባንያ ደግሞ በጨዋታው ውስጥ ያለ ጠላት ከተጫዋቹ ጋር የተዋጋውን እያስታወሰ፥ ድል ሲያደርግም ማዕርግ እየወጣ የሚሄድበትን አሠራር በ2021 በፓተንት አስመዘገበ። የመብቱ ዘመን እስከ 2036 ይደርሳል። አሠራሩ የታየው በ2014ና በ2017 በወጡት ሁለት ጨዋታዎች ነው፤ የሠራውም ሞኖሊዝ የተባለው ክፍል በፌብሩዋሪ 2025 እንዲዘጋ ተወሰነ። መሬቱን አጥሮ ራሱ ሳያርስ ጦም የሚያሳድር ባለ ርስት በገጠር ቢገኝ ጎረቤቱ ምን እንደሚለው የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ቶኪዮው ክስ እንመለስ። ከሳሾቹ የጠየቁት ካሳ ለየአንዳንዳቸው 5 ሚሊዮን የን፥ በጠቅላላው 10 ሚሊዮን የን ከነወለዱ ነው። ለእነዚህ ኩባንያዎች ይህ የቡና ዋጋ ነው። ከገንዘቡ ጋራ የጠየቁት እግድ ግን ቀላል አይደለም፤ ቢፈረድ ጨዋታው እንዳለ ሊሸጥ አይችልምና። ክሱ የቆመባቸው ሦስት ፓተንቶች የተመዘገቡት በ2024፥ ፓልወርልድ ገበያ ከወጣ በኋላ ነው። እንዴት ሆኖ ኋላ የተመዘገበ መብት ቀድሞ የወጣን ጨዋታ ይከሳል ቢባል፥ የፓተንት ሕግ አንዱን ማመልከቻ ከፋፍሎ ልጅ ማመልከቻ ማውጣትን ይፈቅዳል፤ ልጁም የአባቱን ቀን ይወርሳል። የእነዚህ አባት በዲሴምበር 2021 የገባ ስለ ሆነ እነርሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቈጠራሉ።

በዚህ ሕገ ወጥ ነገር የለበትም። ኒንቴንዶም የሚለው አያጣም፤ በጃንዋሪ 2022 በወጣው የፖክሞን ጨዋታ ይህን አያያዝ ሠርቶ አሳይቷል፥ ማመልከቻውንም አስቀድሞ አስገብቷል። ነገር ግን የማመልከቻው ቃል ተቀናቃኙ ጨዋታ በገበያ ከታየ በኋላ ተጽፎ ሲመዘገብ፥ ሰውየውን አቁሞ በልኩ ልብስ እንደ መስፋት ነው። ልብሱ ልክ ሆነለት ብሎ መመስከር ምን ያስደንቃል? በዚያም ላይ ፖኬትፔር ራሱ በ2020 ባወጣው ክራፍቶፒያ በተባለ ሌላ ጨዋታ ተጫዋቹ ዕቃ ወርውሮ አውሬ ይይዝ ነበር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ሙግቱ ሳያልቅ የሆነው ነገር ነው። በኖቬምበር 2024 ፖኬትፔር ተጫዋቹ ዕቃ ወርውሮ እንስሳውን የሚጠራበትን አኳኋን ከጨዋታው አወጣ፤ እንስሳው ያለ ውርወራ ከተጫዋቹ አጠገብ እንዲቆም አደረገ። በሜይ 2025 ደግሞ እንስሳውን ይዞ በአየር መንሳፈፍን አስቀርቶ በመንሳፈፊያ ዕቃ ተካው። ይህን ያደረገው በክሱ ምክንያት መሆኑን፥ እርሱም ማዘኑን ለተጫዋቾቹ ገለጠ። ክሱ ከተከፈተ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላም ፍርድ ገና አልተሰጠም ነበር። ዳኛ ሳይናገር ተከሳሹ እጁን በገዛ ቢላዋው ቈረጠ ማለት ነው። ፖኬትፔር ሚሊዮኖች የገዙት ጨዋታ ያለው ስለ ሆነ ጠበቃ ቀጥሮ ሊቆም ቻለ፤ ሦስት ወይም አራት ሆነው በአንድ ክፍል ቤት የሚሠሩ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ የመጀመሪያው ደብዳቤ በደረሳቸው ቀን ሥራው ይዘጋ ነበር።

መርማሪዎቹም ነገሩን እንደ ገና ማየት ጀምረዋል። የጃፓን የፓተንት መሥሪያ ቤት ከዚያው ቤተ ሰብ የሆነን አንድ ማመልከቻ በኦክቶበር 2025 ቀድሞ ከወጡ ጨዋታዎች ሊገመት የሚችል ነው፥ አዲስ ፍልስፍና የለበትም የሚል ምክንያት ጽፎ ሳይቀበለው ቀረ። በአሜሪካ ደግሞ ተከታይ አውሬን ጠርቶ ስለማዋጋት በሴፕቴምበር 2025 ለኒንቴንዶ ተሰጥቶ የነበረውን ፓተንት የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ በኖቬምበር ወር እንደ ገና እንዲመረመር አዘዙ፤ ለዚህም ከጠቀሷቸው የቀደሙ ጽሑፎች አንዱ የኒንቴንዶ የራሱ የቀድሞ ማመልከቻ ነበር። መርማሪው አስቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባልተፈለገም ነበር። ችግሩ፥ መርማሪ የሚያገላብጠው የፓተንት መዝገብን ነው፤ ጨዋታ ግን በመዝገብ አይገኝም፥ ተጫውቶት ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።

በአገራችን የሕግ አርቃቂዎቹ በዚህ ጕዳይ ያሰቡበት ይመስላል። በ1987 ዓ.ም. ስለ ፈጠራ ሥራዎች የወጣው አዋጅ ቍጥር 123 ፓተንት የማይሰጥባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር፥ ጨዋታ የሚካሄድበትን ሥርዐትና ደንብ ከኮምፒዩተር ፕሮግራም ጋር አብሮ ጽፏል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410 ደግሞ የኮምፒዩተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ጠብቆ፥ ሐሳብን፥ አሠራርንና ዘዴን ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። ሁለቱ አዋጆች አንድ ላይ ሲነበቡ፥ ሠሪው የጻፈው ፕሮግራምና የሣለው ሥዕል የራሱ ነው፥ የጨዋታው ሥርዐት ግን የማንም አይደለም ማለት ነው። በቶኪዮ ሦስት ፓተንት የተቈረጠለት ነገር በእነዚህ አዋጆች ቃል በአዲስ አበባ አንድም ባልተገኘለት ነበር።

ለዚህ ምስክር የሚሆን ሥራ በከተማችን አለ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ኩባንያ (ስሙን ከቅኔ ማውጣቱ ለዚህ ጽሑፍ ደግ አጋጣሚ ሆነን) በ2018 «ኩኩሉ» የሚባል ጨዋታ በስልክ አወጣ፤ አንዲት ዶሮ እንቅፋቱን እየዘለለች የምታመልጥበት የሩጫ ጨዋታ ነው። እየሮጡ እንቅፋት መዝለል በ2011 የወጣው ቴምፕል ራንና እርሱን የመሰሉት ሌሎች ጨዋታዎች ዓለምን ያስለመዱት ሥርዐት ነው። የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ሥርዐቱን ከዓለም ወሰዱ፥ ዶሮዋንና አገሩን ግን ከራሳቸው ጨመሩ። መወድስ በተሰጠው ልክ ሲቀኝ እንዲህ ነው።

ነገር ግን የእኛ አዋጅ የሚጠብቀው እስከ ድንበር ነው። ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ የሚሠራ ቢሆንም፥ የስልክ ጨዋታ የሚቀርበው በአፕልና በጉግል መደብር ስለ ሆነ ገዢው በቶኪዮም በኒው ዮርክም አለ። ስለዚህ ጨዋታቸውን ወደ ውጭ ለሚያወጡ ወጣቶች በየትኛው አገር የትኛው ሥርዐት እንደ ታጠረ የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ይህንም የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርገው ይችላል። የፓተንት አዋጁ የሚሻሻልበት ጊዜ ሲመጣም፥ የባዕድ አማካሪ ይህን ስለ ጨዋታ የተጻፈውን ቃል የማይረባ ትርፍ ነገር ነው ብሎ ሊያስወጣው ቢፈልግ፥ አርቃቂው የፓልወርልድን መዝገብ አስቀርቦ ካየ በኋላ ይመልስለት።